ከወልይ እስከ ቁራኛ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የማይታይ ጓደኛ ፍለጋ

የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ቡናው ራሱ ከታሪኩ ውስጥ አለበት።

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ አንዲት እናት ልጇን ወደ ሩቅ አገር ስትሸኝ «አድባር ትከተልህ» ብትል የሚደነቅ የለም። ክፉኛ የደነገጠ ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» ይባላል። ገጽታው የተጎሳቆለ፣ የያዘው ሁሉ አልሳካ ያለው ሰው «ውቃቢ የራቀው» ነው። ያለ ምክንያት የማንወደው ሰው ሲያጋጥመን ደግሞ «ውቃቢዬ አልወደደውም» እንላለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እነዚህን አባባሎች ሳያስብባቸው ይናገራቸዋል። መነሻቸው ግን አንድ እምነት ነው፤ ሰው ብቻውን አይሄድም፣ ከጎኑ የሚጠብቀው፣ የሚወድለትና የሚጠላለት፣ ሲከፋውም ጥሎት የሚሄድ የማይታይ ጓደኛ አለው የሚል።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። ያ ጓደኛ ከሚጠራባቸው ስሞች መካከል ሁለቱ፣ ከራማና አውልያ፣ ከእኛ ቤት የወጡ ናቸው። እንዴት ወጡ? ከወጡ በኋላስ ምን ሆኑ? ደግሞም ብዙዎቻችን አያቶቻችንን «ባለ ዛር ነበሩ» እያልን በሹክሹክታ እናነሣቸዋለን። ምን ይፈልጉ እንደነበር ሳንጠይቅ ስማቸውን መጣል ፍትሕ አይመስለንም።

መጀመሪያ አገሩን እንይ። ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ከጉና ተራራ ጀምሮ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ምድር ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የዚህ አገር ከተሞች ናቸው። ጋይንት ቤተ ልሔምን የያዘ፣ ድጓ የሚያስመሰክር የቤተ ክህነት አገር ነው። በሽሎን ሲሻገሩ ግን ወሎ ነው፤ የመሻይኾችና የደረሶች አገር። በምዕራብ በኩል ደብረ ታቦር፣ ከዚያ አለፍ ሲል ይፋግ፣ ከይፋግ አጠገብም የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር የነበረችው ደሪጣ አለች። ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ የቆሎ ተማሪውና ደረሳው ሁሉ በዚህ መተላለፊያ ሲመላለሱ ኖረዋል። ሸቀጥ በሚያልፍበት መንገድ ቃልም ያልፋል።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። «አድባር» በግዕዝ የ«ደብር» ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራሮች ማለት ነው። በአማርኛ ግን ተራራው ቀርቶ በተራራው ወይም በትልቁ ዛፍ ላይ ያለው የአገር ጠባቂ ሆነ። በአድባሩ ዛፍ ሥር ቡና ይፈላል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ ግንዱ ቅቤ ይቀባል፣ የተጣላ ይታረቃል። «ውቃቢ» «ዐቀበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ጋር ይያያዛል፤ ጠበቀ ማለት ነው። እንግዲህ አድባር የመንደሩ፣ ውቃቢ የግለሰቡ ጠባቂ መሆኑ ነው። ቆሌም ከዚሁ ወገን ነው።

(ስለ ዛፍ ካነሣን አይቀር፦ ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ተመራማሪ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ያለውን ደን አጥንተው ነበር። በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ ታርሶና ተግጦ ሳለ አገር በቀሉ ዛፍ በቅጥሮቹ ውስጥ ተርፏል። ምሳር ያልደፈረው ዛፍ ሰው ያከበረው ወይም የፈራው ዛፍ ነው። ይህን ስንል አድባርን ማምለካችን እንዳልሆነ አንባቢ ያውቅልናል።)

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ራሳቸውን «ፔገን» ብለው የሚጠሩ፣ ከዛፍ፣ ከወንዝ፣ ከእንስሳ መንፈሳዊ አጋር የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ስሙን ወደውና መርጠው ይዘውታል። በእኛ አገር ግን «አረማዊ» ሌላው የሚለጥፍብህ ስም እንጂ የራስ ስም ሆኖ አያውቅም። ከጎንደር ወደ ምዕራብ በጭልጋ አካባቢ የሚኖሩትን፣ በተቀደሱ የዛፍ ሥፍራዎች ይሰበሰቡ የነበሩትን ቅማንቶች ፍሬዴሪክ ጋምስት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ «አረማዊ» ብሏቸዋል፤ እነሱ ግን አንድ ፈጣሪ እናመልካለን ይላሉ። በጋይንትና በእስቴ ደግሞ ለብቻው የቆመ «የአድባር ሃይማኖት» አልነበረም። ሰውየው ወይ ክርስቲያን ነው፣ ወይ ሙስሊም። አድባሩና ውቃቢው የነበሩት ከዚያ ሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ ጎን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቃላት እንምጣ። በዐረብኛ «ወልይ» ቅርብ፣ ወዳጅ፣ ረዳት ማለት ነው፤ ብዙ ቁጥሩ «አውሊያእ» ነው። በሱረቱ ዩኑስ የአላህ ወዳጆች ማን እንደሆኑ ተነግሯል፤ ያመኑና አላህን የሚፈሩ ናቸው። ዘር አልተጠቀሰም፣ ሥፍራ አልተጠቀሰም፣ የሚታረድላቸው በግም አልተጠቀሰም። «ከራማ» ደግሞ አላህ ለጻድቅ ባሪያው የሚሰጠው ክብር፣ ከተለመደው ውጭ የሚያደርግለት ነገር ነው።

እነዚህ ቃላት አማርኛ ውስጥ ሲገቡ የደረሰባቸውን ተመልከቱ። «ከራማ» የሰውየው ዕድል፣ ግርማና ጠባቂ መንፈስ ሆነ፤ በአጭሩ የውቃቢ ሌላ ስም። «አውልያ»ም መጀመሪያ ብዙ ቁጥርነቱ ጠፋ፤ «አውልያዎች» እያልን ብዙውን ዳግመኛ እናበዛዋለን። ቀጥሎ ሰው መሆኑ ቀረ። ከዚያም «አውልያ ወረደበት»፣ «አውልያ ተጭኖበታል» መባል መጣ። በአላህ ፍራቻው የታወቀ ሰው የነበረው ቃል በሰው ላይ የሚጫን መንፈስ ሆነ። ወዳጅ የነበረው ጋላቢ ሆነ። ከዚህ የከፋ የቃል ስደት እኛ አናውቅም።

ይህ እንዴት ሆነ? የአገሩ ታሪክ ፍንጭ ይሰጠናል። የረቂቃን ጉዳይ ለነገሥታቱም ሁልጊዜ የራስ ምታት ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደስክና ዲኖ የሚባሉትን መናፍስት የሚያመልኩትን ሲያሳድዱ የራሳቸውን ልጆች እንኳ እንዳልማሩ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። በዚህ ክስ ላይ የሙስሊም እጅ አልነበረበትም፤ ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ሰፈሩን መለየት ተቻለ፤ ገበያውን፣ በሽታውንና ፍርሃቱን ግን መለየት አልተቻለም። ከዚያ የየጁ መሳፍንት መጡ፤ ቤታቸው «ወረሼህ»፣ የሸይኽ ልጆች፣ የሚባል። ከ1784 እስከ 1853 እ.ኤ.አ. በቆየው ዘመናቸው መቀመጫቸው በኋላ ደብረ ታቦር ሆነ፤ ከእስቴና ከጋይንት አፍንጫ ሥር ማለት ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን ሙስሊም በአዋጅ ክርስትና ሲያስነሡ የሸሸው ሸሸ፣ የታገለው ታገለ፣ የቀረውም ቀን ሌላ ሌሊት ሌላ ሆኖ ኖረ።

በእኛ እይታ የቃሉ መዛባት ዋና ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ዓሊሙ ሲሰደድና ቂርአቱ ሲቋረጥ በሕዝብ እጅ የሚቀረው ስም ነው፣ ዕጣን ነው፣ ድቤ ነው። ትርጉሙን የሚያስተምር ሰው የለም። በበሽሎ ማዶ እነ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥ ላይ መርከዝ መሥርተው ሲያስተምሩ፣ የመውሊዱም ሥርዓት ከዚያ ሲስፋፋ፣ በበሽሎ ወዲህ ያለው ጥቂት ሙስሊም ግን ተበታትኖ፣ ከመርከዙ ርቆ የሚኖር ነበር። ስሙ ሸለቆውን ተሻገረ፤ ትምህርቱ ግን ከማዶ ቀረ።

ስለ ዛር ቤቱ የተሻለ ምስክር ያለን ከጎንደር ከተማ ነው። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 1932 እ.ኤ.አ. የማርሴል ግሪዮል የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ተቀምጦ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ የሚባል ጸሐፊ ነው። እሱም በአስተርጓሚውና በሥራ አጋሩ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እየታገዘ የወይዘሮ መልካም አየሁን ቤት ይመላለስ ጀመር። ወይዘሮዋ የዛር ቤት እናት ነበሩ፤ ሕመምተኛ ወደ እሳቸው ይመጣል፣ እሳቸውም በየተራ በሚሰፍሩባቸው ዛሮች ስም ይናገራሉ። ሌሪስ የየቀኑን ማስታወሻ በ1934 አሳተመ፤ በ1958 ደግሞ በጎንደር ዛር ላይ ብቻ ያተኮረ መጽሐፍ ጻፈ። ሰውየው ለዛር የሚታረድ ከብት እስከመግዛት ደርሶ ነበር። ጥናት ነው ወይስ ሱስ? ራሱም የለየው አይመስልም።

ከእነዚያ ማስታወሻዎች የምናየው ነገር ይህ ነው። ዛሩ ስም አለው፣ ወገን አለው፣ ፉከራ አለው። ሰይፉ ጨንገር አለ፣ ራሔሎ አለች። ክርስቲያን የሚባል ዛር አለ፣ ሙስሊም የሚባል ዛር አለ። የተያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ሲሰፍር ፈረሱ ጉሪ ይላል፣ ይወዛወዛል። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሽቶ ይረጫል። ዛሩ የሚፈልገውን ይናገራል፤ የዚህ ቀለም ልብስ፣ የዚያ ቀለም ዶሮ፣ ቀለበት፣ ጨሌ። ከዚያ በኋላ ፈረሱ ይታረቃል እንጂ አይላቀቅም። ዛር አይወጣም፤ ይለመዳል። ጠላት ሆኖ የመጣው፣ ግብሩ ከተከፈለው፣ ጠባቂ ውቃቢ ይሆናል። ፍለጋው ማለት ይህ ነው፤ ያመመህን መንፈስ ጓደኛ ማድረግ።

በጎንደር አካባቢ ይነገር የነበረ አንድ አፈ ታሪክም አለ፤ ሲሞን ሜሲንግ የተባለው አሜሪካዊ ጽፎታል። ሐዋ (ሔዋን) ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ለዐይን ሰስታ አሥራ አምስቱን ቆንጆዎቹን ሸሸገች። የተሸሸጉት ተሸሽገው እንዲቀሩ ተፈረደ፤ ዛሮች እነሱ ናቸው፣ እኛ ደግሞ የታየነው ወንድምና እህቶቻቸው። በእኛ ዐቂዳ ይህ መሠረት የሌለው ተረት ነው። ነገር ግን ተረቱ የሚለውን እንስማ፤ የማይታየው ፍጡር የጠፋ ዘመድ ነው ይላል። እንዲህ ያለውን ተረት የሚፈጥረው ዘመድ የናፈቀ ሰው ነው።

ናፍቆቱ የማን ነበር? ሜሲንግ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ብዙዎቹ ሕመምተኞች ባለትዳር ሴቶች መሆናቸውን ጽፏል፤ በወንድ ዓለም ውስጥ ተረስተናል የሚሉ። በጋይንትና በስማዳ ያለችውን ሴት አስቡ። በልጅነቷ ተድራ ከእናቷ ቤት ወደማታውቀው ጎጆ ትሄዳለች። ውኃ፣ እንጨት፣ ወፍጮ፣ ጡት። ቅሬታዋን ለማን ትናገራለች? አማቷ አትሰማትም፣ ባሏ አይሰማትም። ዛሩ በአፏ ሲናገር ግን ባል ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ የተጠየቀውን ልብስም ይገዛል። በዛር ቤት ከእሷ ጋር የሚቀመጡ፣ ስሟን የሚጠሩ፣ ነገም የሚጠብቋት ሴቶች አሉ። ክርስቲያኗና ሙስሊሟ፣ የባላባት ሚስትና የድሮዋ ባሪያ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣሉ። በዚያ ዘመን ሌላ የት ነበር እንዲህ ያለ መቀመጫ?

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ግብሩ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ያልተከፈለ እንደሆነ ሕመሙ ይነሣል። የቤቱ በግ፣ የልጁ ልብስ፣ የክፉ ቀን እህል ሁሉ ለዚያ ይሄዳል። የአገሩ ሰው ይህን በአንድ ቃል ይገልጸዋል፤ «ቁራኛ»። በ1970 እ.ኤ.አ. በበጌምድር አማሮች የሕክምና እምነትና ልማድ ላይ የዶክትሬት ጥናቱን ያቀረበው አለን ያንግ፣ በ1975 በዛር ላይ ለጻፈው ጽሑፍ «አማሮች ቁራኛ የሚይዛቸው ለምንድን ነው» የሚል ርእስ ሰጥቶታል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያኔ የዚሁ የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ክፍል ነበሩ።

ቁራኛ በድሮው ፍርድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ወይም ሸማ ለሸማ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ሥርዓት ነበር። ዛሬ ሥርዓቱ ቀርቶ «በዓይነ ቁራኛ» የሚለው አባባል ብቻ ተርፏል። እንግዲህ ሕዝቡ ራሱ፣ ዓሊም ሳይነግረው፣ የዚህን ጓደኛ ጠባይ ያውቅ ነበር። ከጎንህ የማይለየው ሁሉ ወዳጅህ አይደለም፤ ባለዕዳ ያደረገህም ከጎንህ አይለይም። የሚገርመን ደግሞ በቁርኣንና በሐዲስ ከሰው ጋር የሚቆራኘው ረቂቅ ፍጡር «ቀሪን» መባሉ ነው። ሁለቱም ቃላት አንዱን ከሌላው ጋር ማጣመድን፣ ማሰርን ያመለክታሉ፤ ድምፃቸውም ቢሆን ለጆሮ ቅርብ ነው። በሱረቱል ጂንም ከጂኖች ጥበቃ ይፈልጉ ስለነበሩ ሰዎች ተነግሯል፤ ያገኙት ጥበቃ ሳይሆን ተጨማሪ ሸክም ነበር። የእናቶቻችንን በግና ልብስ የቆጠረ ሰው ይህ ሸክም ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ስለ ዛፉም ቢሆን የኛ ታሪክ ዝም አላለም። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ሑነይን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ገና አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሙሽሪኮች መሣሪያቸውን የሚሰቅሉበትንና በረካ የሚፈልጉበትን ዛፍ አይተው ለእኛም እንዲህ ያለ ይኑረን ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ዛቱ አንዋጥ የሚባለው ዛፍ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥያቄውን በኒ ኢስራኢል ሙሳን (ዐ.ሰ) አምላክ አድርግልን ካሉት ጋር አመሳሰሉት። ሆኖም ጠያቂዎቹን ከሠራዊቱ አላባረሯቸውም፤ አስተማሯቸው፣ ጉዞውም ቀጠለ። ዛሬ የአያቱን ስም በ«ሙሽሪክነት» ለመጣል የሚቸኩል ወጣት የዘገባውን ይህን ሁለተኛ ክፍል ሲያነብ አናየውም።

አሁን ቀደም ብለን ወዳቆየነው እንመለስ። በሰሜኑ አገራችን ዛርና አውልያን «የእስላም ነገር» ብሎ ማለፍ የቆየ ልማድ ነው። ቡናም በዚሁ ስም ተከሶ ነበር፤ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቤተ ክህነት የሙስሊም መጠጥ ነው ብላ ትሸሸው ነበር። ዛሬ የጋይንት ቄስ ሦስተኛውን ስኒ «በረካ» ብሎ ይጠጣል፤ የዐረብኛ ቃል መሆኑ ትዝም አይለው። ታዲያ ባሕርና በረሃ ተሻግረን እንይ። የሆላንዱ ስኑክ ሁርግሮኝ በ1885 እ.ኤ.አ. መካ ተቀምጦ የሴቶችን ሕይወት ሲጽፍ ዛርን እዚያ አገኘው። በግብፅና በሱዳንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዛር ተስፋፍቶ ነበር፤ ከተሸጡ የሐበሻ ሴቶች ጋር የመጣ ነው የሚለው አስተያየት ጠንካራ ነው። በሰሜን ሱዳን መንደሮች ጥናት ያደረገችው ጃኒስ ቦዲ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ ዛሮቹ በወገን በወገን እንደሚቆጠሩ አሳይታለች፤ ከወገኖቹ አንዱ «ሐበሽ» ነው። በመካና በካይሮ ያሉ ዑለማኦች «የሐበሾች ነገር» ብለው ሲያወግዙት፣ በጎንደር ያሉ ካህናት «የእስላሞች ነገር» ብለው ያወግዙታል። ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ሙስሊምን ሳይጠቅሱ በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ነበር ያገኙት።

ከበሽሎ ማዶ ያለውን አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ «ወዳጃ» የሚባል የዱዓእ መሰባሰቢያ አለ። ለአማርኛ ጆሮ ወዲያው «ወዳጅ»ን ያስታውሳል። ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱም ይቀርባል፤ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለዝናቡ ዱዓእ ይደረጋል። ዑለማኦች በአንዳንድ ሥርዓቱ ላይ ተከራክረዋል፤ ክርክሩ ዛሬም አልቆመም፤ እኛም እዚህ ፈትዋ አንሰጥም። ከዛር ቤቱ ጋር ሲነጻጸር ግን ረከቦቱ ያው ረከቦት፣ ጭሱ ያው ጭስ ነው። ልዩነቱ የታመመችው ሴት በመካከል ስትቀመጥ የሚታይ ነው። እዚህ የሚጋልባት የለም፣ በአፏም ሌላ አይናገርም። ሕመሟን ራሷ ትናገራለች፤ ዙሪያዋን የተቀመጡት ጎረቤቶቿ እጃቸውን ዘርግተው አሚን ይላሉ።